ኤምፒ3 ማጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት ሜሞሪያችሁን ክፈቱ

ስልክ እያለ ለብቻው የዘፈን ማጫወቻ መግዛት ብክነት የሚመስለው ሰው አለ። የስልኩን ባትሪ ለሥራ የሚፈልግ ሾፌር፣ ልጁ ስልክ ሳይነካ መዝሙር እንዲሰማ የሚሻ ወላጅ፣ ትረካ ወይም ስብከት ከፍተው የሚተኙ አዛውንት፣ ሲሮጥ ትልቅ ስልክ ኪሱ ውስጥ የሚደልቅበት ወጣት ግን ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ጊጋ ነው?» ብለው ነው። ሻጩም ደስ እያለው ይመልሳል፤ ቀላሉ ጥያቄ እሱ ነውና። በትንሽ ገንዘብ የተገዛ ማጫወቻ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የሚቀረው ግን ጊጋው አንሶ ሳይሆን ባለቤቱ ያለውን ፋይል ማንበብ አቅቶት ነው። ስለዚህ ምርጫውን ከሱቅ አትጀምሩ፤ አሁን ስልካችሁ፣ ፍላሻችሁና ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለው ዘፈን ጀምሩ።

ኮምፒውተር ላይ የዘፈን ፎልደራችሁን ክፈቱና የፋይሎቹን ስም መጨረሻ እዩ። ዊንዶውስ ይህን ስለሚደብቅ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ኤምፒ3 ከሆነ ጣጣ የለውም፣ ሁሉም ያነበዋል። ከዩቲዩብ የወረደው ብዙውን ጊዜ ኤም4ኤ ወይም ዌብኤም ነው። ኤም4ኤን ከርካሾቹ አንዳንዶቹ ያነቡታል፣ አንዳንዶቹ ዘለውት ያልፋሉ። ዌብኤም የሚያነብ ርካሽ ማጫወቻ ግን አትጠብቁ። የፋይሉን ስም በእጅ ወደ ኤምፒ3 መቀየርም አይረዳም፤ ውስጡ ያው ስለሆነ ማጫወቻው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ «ፎርማት ኤረር» ብሎ ይቆማል።

ቴሌግራም ላይ ያለውን ለይታችሁ እዩት። በዘፈን መልክ የተላከው ባብዛኛው ኤምፒ3 ነው። በድምፅ መልእክት የተላከ ስብከት ወይም ትምህርት ግን ኦፐስ የተባለ አሠራር ያለው የኦጂጂ ፋይል ነው። ካርቶኑ ላይ «ኦጂጂ» የተጻፈበት ርካሽ ማጫወቻ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የቆየውን ቮርቢስን ነው፤ ኦፐስ ሲሰጡት ፋይሉን ያሳያል እንጂ አያጫውትም። መፍትሔው ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ «ሚዲያ» ከሚለው ውስጥ «ኮንቨርት» ብሎ ወደ ኤምፒ3 መቀየር ነው። ለንግግር በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሞኖ (አንድ የድምፅ መስመር) ይበቃል፤ የአንድ ሰዓት ስብከት 29 ሜጋ ገደማ ይሆናል። ስፖቲፋይን በመሰሉ መተግበሪያዎች ውስጥ «ዳውንሎድ» ያደረጋችሁት ዘፈን ደግሞ ከመተግበሪያው ውጭ ስለማይከፈት ከሒሳቡ አውጡት።

አሁን ወደ ጊጋው እንምጣ። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 በደቂቃ 1 ሜጋ ገደማ ይወስዳል፣ በ320 የተቀዳ 2.4 ሜጋ፣ ከሲዲ የተቀዳ ፍላክ (ጥራቱ ሳይቀነስ የታመቀ ፋይል) ከ5 እስከ 7 ሜጋ። የእኛ ዘፈን ረዘም ስለሚል አንዱን ስድስት ደቂቃ እንበለው። 32 ጊጋ ሜሞሪ ላይ በ128 ወደ 5,500፣ በ320 ወደ 2,200፣ በፍላክ ደግሞ 900 ገደማ ዘፈን ይገባል። ለመጀመሪያ ማጫወቻ 32 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው። ለ128 ጊጋ የምትጨምሩትን ብር ለኢርፎኑ አስቀምጡት።

ካርቶኑ ላይ በወርቃማ ቀለም «ሃይ ሬዝ ኦዲዮ» (ከሲዲ የላቀ ጥራት ለማለት ነው) የሚል ምልክት አይታችሁ ብር አትጨምሩ። ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ የድሮ ዘፈን የካሴቱን ሹክሹክታ ይዞ ነው የመጣው፤ የትኛውም ማጫወቻ አያጠራውም። በ128 የነበረን ዘፈን ወደ 320 መቀየርም ማደለብ ብቻ ነው። ዘፈን ጫኝ «ሁሉም 320 ነው» ካላችሁ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት በቀለም ሥዕል በሚያሳየው ስፔክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም አንዱን ክፈቱት። እውነተኛ 320 ቀለሙ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ይወጣል፤ ከ128 የደለበው ግን 16 ሺህ ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ያልቃል። ፍላክ ዋጋ የሚኖረው ራሳችሁ ከሲዲ ስትቀዱ ወይም ዲጂታል አልበም በፍላክ ስትገዙ ነው።

ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ አንድሮይድ ካላችሁ፣ የ3.5 ሚሊ ሜትር የኢርፎን ቀዳዳና የሜሞሪ ማስገቢያ ካለው፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ሳታነቡ ልትተዉት ትችላላችሁ። ሲሙን አውጡ፣ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ የማያስፈልገውን መተግበሪያ አጥፉ፣ ቪኤልሲ ወይም ኤይምፕ ጫኑበት። ግዕዝ ፊደል ያነባል፣ ኦፐሱንም ዌብኤሙንም ያጫውታል። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ ሳያዩት በእጅ ዳብሶ ዘፈን ማለፍ አይመችም፤ ያረጀ ባትሪ ደግሞ እንደ ድሮው አይዝም።

ምን ይኑረው?

የሜሞሪ ማስገቢያ ያስፈልጋል፤ ይህ አይታለፍም። አብሮት የመጣው ማከማቻ ሲሞላ ወይም ሲበላሽ መውጫው ሜሞሪው ነው፤ ዘፈን ማስጫንም የሚቀለው በእሱ ነው። ስም ያለው ድርጅት ስለሠራው ብቻ አለው ብላችሁ አትገምቱ። የሶኒው ኤንደብሊው ኢ394 8 ጊጋ ብቻ ይዞ የመጣና ማስገቢያ የሌለው ነው። የሳንዲስክ ክሊፕ ስፖርት ማስገቢያ ሲኖረው፣ ብሉቱዝ የተጨመረለትና 16 ጊጋ የሆነው ክሊፕ ስፖርት ፕላስ ግን የለውም። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ሲያስመጣ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያገለገለ አይፖድም ዋጋው ያጓጓል፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 ምርቱን ጨርሶ አቁሟል። ማስገቢያ የለውም፣ ዘፈን የሚጫነውም በአይቲውንስ ወይም በመሰሉ ፕሮግራም እንጂ እንደ ፍላሽ ኮፒ በማድረግ አይደለም። ኮምፒውተር ላልለመደ ሰው አትግዙለት።

በእጅ የሚዳሰስ ቁልፍ ይኑረው። ርካሽ የንክኪ ስክሪን ኪስ ውስጥ ራሱ ዘፈን ይቀይራል፣ ላብ ሲነካው ደግሞ አይታዘዝም። የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው ለብቻቸው ጎን ላይ ቢሆኑ ይመረጣል። በአንድ ቁልፍ ሁለቱንም፣ ማለትም አጭር ሲነካ ዘፈን ማለፍ፣ ሲያዝ ድምፅ መጨመር የሚያደርጉት በሳምንት ያሰለቻሉ።

ስብከት፣ ትረካ ወይም የቋንቋ ትምህርት ለሚሰማ ሰው ከድምፅ ጥራት የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፤ ያቆመበትን ማስታወስ። ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ሲጠፉና ሲበሩ ፋይሉን ያስታውሳሉ፣ ደቂቃውን ግን ይረሳሉ። የሁለት ሰዓት ትረካ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃው ላይ ተቋርጦ ሲበራ ከመጀመሪያው ሀ ብሎ ይጀምራል። ወደፊት ማስሮጡም በእነዚህ ላይ ቀርፋፋ ነው፤ ቁልፉን ይዞ ደቂቃዎች መቆም ይጠይቃል። ይህ የሌለው ዕቃ በእጃችሁ ከገባ መውጫው ረጅሙን ፋይል በኮምፒውተር አሥር አሥር ደቂቃ አድርጎ መቁረጥ ነው።

ሬዲዮ የሚፈልግ ሰው ኤፍኤም የሚሠራው በገመድ ኢርፎን መሆኑን ይወቅ፤ ገመዱ ነው አንቴናው። ሸገርን 102.1 ላይ ሲፈልጉት ካጡትና ማጫወቻው ከ90 በላይ አልሄድ ካለ ዕቃው አልተበላሸም፤ ሴቲንጉ የጃፓን ክልል ላይ ነው ያለው። «ሪጅን» ከሚለው ውስጥ አውሮፓን ምረጡ።

የግዕዝ ፊደል ጉዳይ

ይህን ሻጭ አይነግራችሁም፣ የውጭ አገር ግምገማም አይጽፈውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ርካሽ ማጫወቻ ግን ውስጡ የሚጫነው ፎንት ላቲን፣ ቻይንኛና ጥቂት ሌሎች ስለሆነ «ትዝታ» የሚለው ፋይል ስክሪኑ ላይ ሦስት ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ዘፈኑ ይጫወታል፣ ግን ሁለት ሺህ ዘፈን በሳጥን ቆጥሮ መፈለግ አይቻልም። ቋንቋውን በሴቲንግ መቀየር ምንም አይለውጥም፤ ፎንቱ የለማ።

በተግባር የሚሠራው የፋይሉን ስምና ታጉን፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠውን የዘፋኝና የዘፈን መረጃ፣ በላቲን መጻፍ ነው። ኤምፒ3ታግ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙ ፋይል በአንዴ መምረጥና የዘፋኝ፣ የአልበምና የዘፈን ስም መሙላት ይቻላል። ሴቲንጉ ውስጥ ታጉ በአይዲ3 ቪ2.3 እንዲጻፍ አድርጉት፤ 2.4ን የማያነቡ የቆዩ ማጫወቻዎች አሉና።

አጻጻፉን አንድ አድርጉ። የጥላሁን ገሠሠን ስም በላቲን አንዱ «አይ» (i) ጨምሮ ይጽፈዋል፣ ሌላው ይዘላታል፣ ፈረንሳይ የታተመው ሲዲ ደግሞ «ኢ» (e) ላይ ጭረት ይጨምርበታል። ማጫወቻው ይህን ሲያይ ሦስት የተለያዩ ዘፋኞች አድርጎ ይዘረዝራቸዋል። በግዕዝ ቢጻፍም ያው ነው፤ ገሠሠ እና ገሰሰ ለማሽኑ ሁለት ሰው ናቸው። ታግ ማስተካከል ለሚሰለቸው አቋራጩ በታግ ሳይሆን በፎልደር የሚያስስ ማጫወቻ መግዛት ነው። አንድ ዘፋኝ አንድ ፎልደር፣ አለቀ።

ግዕዙን የግድ ለሚል ሰው ያገለገለ ሳንዲስክ ክሊፕ ፕላስ ወይም ክሊፕ ዚፕ ላይ ሮክቦክስ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር መጫን ይቻላል፤ ከፎንቶቹ መካከል ዩኒፎንት ግዕዝን ይዟል። ፊደሉ ደቃቅና ያላማረ ነው፣ ግን ይነበባል። ክሊፕ ስፖርትና ክሊፕ ጃም ይህን አይቀበሉም።

ዋጋና ዕቃ

የብሩን ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የተጻፈ ለወር አይሆንም። በዶላር ስናየው ከታች ያለው ስክሪን የሌለው ባለ መቆንጠጫው ትንሹ ዕቃ ነው፤ ሜሞሪ ይገባበታል፣ በሚኒ ዩኤስቢ ይሞላል፣ ፎልደር መምረጥ የለውም። ለሯጭና ለልጅ ይሆናል፣ ሌላ አትጠብቁበት። ከ20 እስከ 40 ዶላር ባለው ውስጥ እነ ክሊፕ ጃም፣ ክሊፕ ስፖርትና እንደ ሩዊዙ ያሉ ባለ 1.8 ኢንች ስክሪን ማጫወቻዎች ይገኛሉ። አብዛኛው ሰው እዚህ ቢያቆም አይጎዳም።

60 ዶላር አካባቢ ላይ የፊዮ ስኖውስካይ ኤኮ ሚኒ አለ። የካሴት ቴፕ መልክ ያለው፣ ቁልፍ ያለው፣ 8 ጊጋ የራሱ ማከማቻ ይዞ እስከ 256 ጊጋ ሜሞሪ የሚቀበል ነው። ውስጡ ሁለት የሲረስ ሎጂክ ሲኤስ43131 ዳክ (ዲጂታሉን ፋይል ወደ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ) ስላለው ድምፁ ከታችኞቹ በግልጽ የተሻለ ነው። ሰፊው የ4.4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ለልዩ ገመድ ነው፤ የያዛችሁት ኢርፎን የሚሰካው 3.5 ላይ ነው። ከ100 ዶላር በላይ ያለው ሻንሊንግ ኤም0 ፕሮ በ1.54 ኢንች ንክኪ ስክሪን የሚታዘዝ ቆንጆ ዕቃ ነው፣ ግን ለመጀመሪያ ማጫወቻና ለወፍራም ጣት አልመክረውም።

ብሉቱዝ ለሚፈልግ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ታችኛው ዋጋ ላይ ብሉቱዙ በኪስና በጭንቅላት መካከል እንኳ ሲቆራረጥ ይታያል፣ የብዙ ጆሮ ማዳመጫዎችን ስም ዘርዝሮም የእናንተን ላያገኝ ይችላል። ይህን ሳትሞክሩ አትክፈሉ።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

የራሳችሁን ሜሞሪ ይዛችሁ ሂዱ። ውስጡ አንድ የ320 ኤምፒ3፣ አንድ ኤም4ኤ፣ ካላችሁ አንድ ፍላክ፣ ስሙ በግዕዝ የተጻፈ አንድ ዘፈን፣ አንድ የሰዓት ስብከትና ቁጥር የተሰጣቸው አሥራ ሁለት ዘፈኖች ያሉበት ፎልደር ይኑር። ይህ ሁሉ ብዙ ቦታ አይወስድም፤ ፈተናው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

ስብከቱን ከፍታችሁ መሃል ላይ አጥፉት፣ አብሩት፤ ከየት ይጀምራል? ባለ አሥራ ሁለቱን ፎልደር ክፈቱ፤ ከ1 ቀጥሎ 2 ይመጣል ወይስ 10? ዘፈኑን አቁሙና ኢርፎኑን ጆሯችሁ ላይ እንዳደረጋችሁ አድምጡ፤ ሽሽሽ የሚል ድምፅ በዝምታው ውስጥ ጎልቶ ከተሰማ ለሊት ለሚሰማ ሰው አይሆንም። የኢርፎኑን መሰኪያ በቀስታ አሽከርክሩት፤ ከተንኮሻኮሸ ወይም አንዱ ጆሮ ከጠፋ ቀዳዳው ልል ነው፣ ሌላ ቁራጭ ይቀይሩላችሁ።

እዚህ ላይ የሚያደናግር አንድ ብልሽት አለ። የዘፋኙ ድምፅ ሩቅ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ሙዚቃው ብቻ ጎልቶ ይሰማል። ሰው ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ምክንያቱ ማይክ ያለው የስልክ ኢርፎን መሰኪያው ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበትና አራት መነካኪያ ስላለው፣ በአንዳንድ ማጫወቻ ቀዳዳ ውስጥ የጋራው መመለሻ መስመር አይገጥምም። ያኔ በሁለቱም ጆሮ እኩል የተቀዳው፣ ማለትም የዘፋኙ ድምፅ፣ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የማይኩን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙት ድምፁ ከተመለሰ ነገሩ ይኸው ነው። ማይክ የሌለው፣ ሁለት ቀለበት ያለው ኢርፎን ሞክሩ።

ያገለገለ ስትገዙ ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ገፋ አድርጉት። እንደ እንዝርት ከዞረ ወይም ስክሪኑ ጠርዙ ላይ ከተነሳ ባትሪው አብጧል፤ በነፃም አትውሰዱት።

ኢርፎኑ

የአጠቃላይ በጀቱን ግማሽ ያህል ለኢርፎን ማውጣት አይበዛም። 15 ዶላር የማጫወቻ ልዩነት ሳይሰማ ይቀራል፣ 15 ዶላር የኢርፎን ልዩነት ግን ማንም ይሰማዋል። የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ከ16 እስከ 32 ኦም የሆነውን ግዙ፤ ለስቱዲዮ የተሠሩት ባለ 250 ኦሞች በትንሽ ማጫወቻ ድምፃቸው አይወጣም። በ20 ዶላር አካባቢ የሙንድሮፕ ቹ እና የኬዜድ ኢርፎኖች ለዋጋቸው ጥሩ ናቸው። «ቤዝ የለውም» የሚለው ቅሬታ ባብዛኛው የጎማው መጠን ነው። ጎማው ጆሮውን ካልደፈነ የታችኛው ድምፅ በክፍተቱ ይወጣል፤ ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ሌሎች መጠኖች ሳትሞክሩ አትፍረዱ፣ ለግራና ለቀኝ የተለያየ መጠን የሚያስፈልገው ሰውም ብዙ ነው።

ሜሞሪውና አጫጫኑ

ሐሰተኛ ሜሞሪ ገበያው ውስጥ ሞልቷል። 128 ጊጋ ተብሎ የተሸጠው ውስጡ 8 ጊጋ ሊሆን ይችላል፤ መቆጣጠሪያው ቺፕ ለኮምፒውተሩ ውሸት እንዲናገር ተደርጎ ነው የተሠራው። ዘፈን ኮፒ ስታደርጉ ያለ ችግር ያልፋል፣ ስሙም ይታያል፤ ከ8 ጊጋ በኋላ የገባው ግን ወይ ባዶ ነው ወይ የቀደመውን ደምስሶ የተጻፈ ነው። ስለዚህ «ማጫወቻው ዘፈን ይዘላል» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ባዶውን ሜሞሪ በኤች2ቴስትደብሊው፣ ማክ ወይም ሊኑክስ ላይ ደግሞ በኤፍ3 ፈትኑት። ፕሮግራሙ ሜሞሪውን ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። 32 ጊጋ በሰከንድ 15 ሜጋ ቢጽፍ መጻፉ ብቻ 35 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከሱቁ ጋር የመመለሻ ቀን ተነጋግራችሁ ቤት አድርጉት።

ከ32 ጊጋ በላይ የሆነ ሜሞሪ ከፋብሪካ ኤክስፋት በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ብዙ ርካሽ ማጫወቻ፣ ሮክቦክስም ጭምር፣ የሚያነበው የቆየውን ፋት32 ብቻ ስለሆነ «ኖ ካርድ» ይላል። የዊንዶውስ የተለመደው ፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋ በላይ ፋት32 ስለማይሰጥ ሩፈስ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀሙ። ፎርማት ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ቀድማችሁ ገልብጡ።

ቅደም ተከተሉ የተዘበራረቀ እንደሆነ፣ ማጫወቻው በስም ሳይሆን ፋይሎቹ ሜሞሪው ላይ በተጻፉበት ተራ እያጫወተ ነው። ቁጥራቸውን 01፣ 02 ብላችሁ ስጡ፣ በስም ደርድሯቸው፣ ሁሉንም ምረጡና የመጀመሪያውን ፋይል ይዛችሁ ጎትቱ። መሃል ያለውን ይዛችሁ ከጎተታችሁ ዊንዶውስ ከዚያ ጀምሮ ሊገለብጥ ይችላል። ቀድሞ የተጫነውን ለማስተካከል ፎልደሩን ወደ ኮምፒውተር መልሶ፣ ከሜሞሪው ደምስሶ እንደገና መጫን ይቀላል።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ማክ ላይ ጭኖ የላከው ሜሞሪ እያንዳንዱን ዘፈን ሁለት ሁለት ጊዜ ካሳየና አንደኛው አልጫወት ካለ፣ ማክ ከየፋይሉ ጎን በነጥብና በታች ሰረዝ የሚጀምር ትንሽ ስውር ፋይል ጽፎበታል። ዊንዶውስ ላይ ስውር ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉና እነዚህን ብቻ ደምስሱ፤ ዘፈኑ አይነካም።

የመጨረሻው የቻርጅ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ርካሽ ማጫወቻ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ይኖረውና በአዲሱ የስልክ ቻርጀር፣ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል፣ ሲሰካ ጨርሶ አይሞላም። አምራቹ ቻርጀሩን «ኤሌክትሪክ ስጠኝ» የሚሉትን ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ለማትረፍ ብሎ ትቷቸዋል። በአሮጌው ሰፊ ዩኤስቢ ቻርጀርና አንዱ ጫፉ ሰፊ በሆነ ኬብል ሞክሩት፤ ወዲያው ይሞላል። ለወራት የማትጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ አስቀምጡት፣ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ አታስመቱት።